አፍሳሽና ለቃሚ

ከፖርት ኤርኒ መንደር ማዶ፣ ባሕሩ ከሚያጓራበት፣
ሰባተኛው ሜዳ ይገኛል፣ ቀበቶ የመሰለ በጥበት፤
በግራው ቢጫ እሾህ ጫካ፣ በቀኙ የድንጋይ አጥር፣
ነፋሱም ሦስተኛ ወገን፣ ለማንም የማይመሰክር።

እኔ ተጫዋች አይደለሁም፤ ዱላም የለኝ፣ ጓንትም የለኝ፤
አንድ ውሻ አለኝ፣ ብራከን የሚሉት፣ ከእሾህ ወደ እሾህ የሚመራኝ።
የሰው ስህተት ነው ደመወዜ፦ የጠፋ ኳስ እለቅማለሁ፣
በኮምጣጤ አጥቤ፣ በእንቁላል ካርቶን ደርድሬ፣
ለጣለው ሰው መልሼ እሸጣለሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ስትሩዋን ይመጣል፣ የጀልባ ጠጋኙ ልጅ፣
ትከሻው እንደ መጋዘን በር፣ መልሕቅ ጎታች የሆነ እጅ፤
ሲመታ ድምፁ ከአጥር አልፎ፣ በጎችን ከሣር ያስነሣል፤
ኳሱማ፣ ኧረ ኳሱስ! ደመና ሊነክስ ይደርሳል።
ሁለት መቶ ሰባ፣ ሦስት መቶ ሜትር፤ ሰዉ አፉን ይዞ ይቀራል፤
ወዴት እንደሄደ የሚጠይቅ የለም፤
ርቀት ሲያዩት ያሰክራል።

የት እንደሄደማ እኔ አውቃለሁ። ብራከንም ያውቃል።
ከአሥር ምት ስድስቱ እሾሁ ውስጥ ይወድቃል።
አንዱ የሚስ ግሪዜልን መስኮት ሰብሮ፣ ሾርባ ድስት ውስጥ አረፈ፤
ያን ቀን ስትሩዋን ገጣሚ ሆነ፦ ቤት መታ፤
ስንኙ ግን ከሸፈ።

ዩፊሚያ ደግሞ አለች። ሰባ አራት ዓመቷ፣ ጡረታ የወጣች ፖስተኛ፤
ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ አድርሳ፣ አድራሻ ያልሳተች መንገደኛ።
ስትመታ ድምፅ የለውም፤ በር እንደ መዝጋት ነው ቀስ ብሎ፤
ኳሷ መቶ ሠላሳ ሜትር ይሄዳል፣ ከመሐል መስመር ላይ ውሎ
ያርፋል።
ደግሞ ትመታለች። ደግሞ። እንደ ሰው እርምጃ።
ከእሷ አንድ ኳስ አላገኘሁም፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣
እንኳን ለሽያጭ፣ ለማስረጃ።

ማታ በመጠጥ ቤት ክርክሩ ይነድዳል፤ በቢራ፣ ጠረጴዛ ላይ፣ መስመር ይሠመራል፤
ሒሳብ አስተማሪው ፊንጋል፦ "ሃያ ሜትር የራቀ ሰው፣ በአጭር ዱላ ይቀርባል" ይላል፤
ዓሣ አጥማጁ ታቪሽ ግን፦ "መረቡን ሩቅ ጥለህ፣ ዓሣው ቅርብ ከሆነስ?" ይለዋል።
እኔ ዝም። ኪሴ የሁለቱንም ሒሳብ ያውቃል።

በአንድ የጥቅምት ቅዳሜ ነፋሱ ፊቱን አዞረ፤
ከባሕር ተነሥቶ ፊት ለፊት፣ መቺውን ሁሉ ገፈተረ።
መቶ ሜትሩ ላይ ጅረት አለ፣ በደኅና ቀን የማይቆጠር፤
ዩፊሚያ መታች፤ ቀጥ ያለ፣ እንደ ክር፣
ጅረቱ መሐል ገባ።
ሁለተኛም መታች፣ እንደ ክር። ጅረቱ መሐል ገባ።
ሦስተኛም። እዚያው።
አንዲት ቃል ሳትናገር ቆመች፣ ዓይኗን ነፋስ እያስነባ።

አድራሻው ልክ ነበር። ደብዳቤው ግን አልደረሰም።
"ማቅናት ይበልጣል" ስል የኖርኩ ሰው፣ ያን ቀን አንደበት አልነበረኝም።

ስትሩዋን ጫማውን አወለቀ። ውኃው አጥንት ይሰብራል።
ሦስቱንም አውጥቶ ጠረገ። (የእኔን ሥራ! ማን ይናገራል?)
"እንዴት ነው የምታርቀው?" አለችው።
"እንዴት ነው የምታቀኚው?" አላት።
ሁለቱም መልስ አልነበራቸውም፤
ዱላ ተቀያየሩበት።

ከዚያ ወዲህ ገበያዬ ተቃወሰ። እሱ አንዳንዴ ሜዳ ላይ ያርፋል፤
ያን ጊዜ ርቀቱ ያጥራል፣ ፊቱም እንደ ከሰረ ነጋዴ ይከፋል።
እሷ ግን! ባለፈው ሳምንት፣ ወገቧን እንደ ልጅ አዙራ፣
አንድ ኳስ ሰደደች፣ ከአጥሩ በላይ፣ ከወፎቹ ጋራ፣
ብራከን እንኳ ወደማይደፍረው ስፍራ።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤
እዚህ ግን አፍሳሹ ሌላ ነው፣ ለቃሚው ሌላ።
ግማሽ ቀን ፈለግሁት፣ ክንዴ እስኪቧጨር፣ እጄ እስኪደማ በእሾሁ ኋላ።
መዳፏ ላይ አኖርኩት። "ስንት ነው?" አለች። "በነፃ" አልኩ።
አልጨበጠችውም። ወደ እሾሁ እያየች፣
"እዚያው መተው ነበር" አለች። "ሠላሳ ዓመት ያደረስኩ ሰው ነኝ፤
አንድ ነገር እንኳ ጠፍቶብኝ ይደር።"