ሁለተኛ ማርሽ

ሠላሳ አንድ ዓመት ጣርማ በርን ወረድኩ፣
ጉሙን በመብራቴ እንደ ጥጥ እየፈለቀቅኩ፣
አራት መቶ ኩንታል ከኋላዬ አዝዬ፣
ፍሬኑን ለክፉ ቀን፣ ለጭንቅ ሰዓት ብዬ።

ዛሬ መሪ የለኝም።
ደብረ ሲና መናኸሪያ በር ላይ፣
ቆሎ ከምትሸጠው ከበለጥሻቸው ጎን ተቀምጬ
የሚያልፈውን ሁሉ በጆሮዬ እለያለሁ፦
ይኼ በሦስተኛ ነው፣ ያ ቸኩሏል፣
ያኛው ሸራው አልቋል።

ጤና ጣቢያ የሄድኩት ለጥርሴ ነበር።
ሲስተር ውድነሽ ክንዴን በጨርቅ ጠቅልላ
ነፋች፣ አስተነፈሰች፣ ደግማ ነፋች፣
ዝም አለች።
ጎሚስታ ጎማ ሲያይ ዝም የሚለውን ዝምታ አውቀዋለሁ።
ሁለት ሳምንት አመላልሳ ለካችኝ፤
በሦስተኛው፣ “መቶ ስልሳ በመቶ” አለች።
“እኔ አመመኝ አላልኩሽ!”
“አያምም ጋሼ ወንድይፍራው። ተንኮሉም እሱ ነው።”

ክኒኗን መዳፌ ላይ አየኋት፤
አምስት ሚሊ ግራም፣ ከሽምብራ ግማሽ ታንሳለች።
ተራራ በተሳቢ ያወረደ ሰው
በዚች ሊታከም?
ሳቅኩ።

ሰኞ ዋጥኳት። ማክሰኞም።
ረቡዕ ደህና ነኝ ብዬ ተውኳት፣
ሐሙስ ገበያ ነበር፣ ረሳኋት።
ዓርብ ማታ ራሴን ሲወቅረኝ
ዕዳዬን በአንድ ልክፈል አልኩና
ሦስቱን ባንዴ፣ በላዩም ማንያዘዋል
ከራሱ ጠርሙስ የቆነጠረልኝን፣
“ይኼኛው የወንድ ነው” ያለኝን።

ቅዳሜ ንጋት ከአልጋ ብድግ ስል
ግድግዳው ሸሸኝ፣
ወለሉ እንደ አፈር መንገድ ከእግሬ ሥር ከዳ።
በለጥሻቸው ጮኸች። የሰኞ ገበያ ቆሎ ተደፋ።

ሲስተር ውድነሽ አልተቆጣችም።
“ጣርማ በርን ሲወርዱ” አለች፣ “በምን ነበር የሚወርዱት?”
“በሁለተኛ።”
“ፍሬን እያለ?”

ያኔ ጎሹ ትዝ አለኝ።
ረዳቴ ነበር፣ ኋላ የራሱን መሪ የያዘ፤
ቁልቁለቱን በአራተኛ ለቆ፣
በየጠመዝማዛው ፍሬን እየደበደበ
ሸራው ጋለ፣ ሸተተ፣ ጨሰ፤
መጨረሻ ሲረግጠው ፔዳሉ ወለሉን ሳመ።
ገደሉ አፋፍ ላይ የያዘው አንድ ጥድ ነው፤
ዛሬም ቅርፊቱ አልሞላም።

ሁለተኛ ማርሽ ቀጥ አያደርግም፣
ያጉረመርማል እንጂ አይቆጣም፤
ከዋሻው አፍ ገብቶ ሜዳ እስኪወጣ
ሳይለቁት ነው ሰው በሰላም የሚመጣ።
ደህና ወረድኩ ብሎ፣ ገና በመሃል ላይ፣
ማርሽ ይነቅላል ወይ ቁልቁለቱን የሚያይ?

“ከረሱ” አለች፣ “ያለፈውን አይደርቡ፤
ያለፈ መታጠፊያ ነው፣ ወደ ኋላ አይዞርም።
የማንያዘዋል ክኒን የሌላ መኪና ዕቃ ነው።
እግርዎ ካበጠ ይንገሩኝ፤
መጨመርም መቀነስም ቢሆን እዚህ፣ ለክተን።”

አሁን የደሴው አውቶቡስ ጥሩምባ
ጠዋት ሲያሰማ እውጣታለሁ፤
መጀመሪያ አልጋው ጠርዝ ላይ እቀመጣለሁ፣
ሞተር እስኪሞቅ፣
ከዚያ ቀስ ብዬ እነሳለሁ።
በለጥሻቸው ጨው የሌለው ቆሎ ለብቻዬ ትቆላለች፣
ጠጠር ማኘክ ነው፣ አልዋሽም።
ክኒኗ ስትሠራ አይሰማኝም።
ካርዴ ላይ ግን ቁጥሩ በየወሩ ወርዷል፣
መቶ ሠላሳ አራት፣ በእስክርቢቶ።

ማንያዘዋል ዛሬም ይስቅብኛል።
ጠርሙሱ ካለቀ ወር አልፎታል፣ አልገዛም፣ ደህና ነኝ ይላል።
ደረጃ ሲወጣ ትንፋሹን ሰማሁት፤
በአራተኛ ነው የሚወርደው።
ሐሙስ ቀጠሮ አለኝ።
በሱ በር በኩል አልፋለሁ።