ሞራ

ካፕላን ሆስፒታል ገብታ፣ ሞራዋ ተገፍፎ፣
በላስቲክ ክዳን ሥር አሥር ቀኗ አልፎ፣
አክስቴ ቦሰና ዓይኗን የገለጠች 'ለት
መጀመሪያ ያየችው የኔኑ ሽበት።
«አንተም አርጅተሃል! ማንም አልነገረኝ» አለች፤
ወደ መስኮት ዞራ ሰፈሩን ቆጠረች፦
የቂርያት ማላኺ ባለአራት ፎቅ ግንብ፣
የውሃ ማሞቂያ በርሜል፣ ላዩ ላይ ርግብ፣
የርግቧ እግር ቀይ መሆኑ ሳይቀር።

ከዚያ ተቀመጠች። ሪሞቱን አነሣች።
ከላይኛው ፎቅ ከጥሩየ ጋራ
አሥራ አምስት ዓመት የቆየ ክርክር አለባት፦
በአማርኛው ሰዓት ዜና የምታነበው፣
ያቺ ጠይም ልጅ፣ አንገቷ ላይ ያለው
ንቅሳት ነው? ድሪ ነው?
«ዓይኔ ይጥራና እናያለን» ነበር የአክስቴ ቀጠሮ።

ጥሩየም ወረደች፣ የሱፍ ፍሬ በሳህን።
ሰዓቱ እስኪደርስ ሌላ ሌላውን አየን፦
የኳስ ተጫዋቹ ላቡ ይቆጠራል፤
ቲማቲም ከታፊው ቢላው ዓይን ይቆርጣል፤
ሚኒስትሩ ሲላጭ የሳታት አንዲት ጠጉር
አገጩ ሥር ቆማ ትታያለች ለአገር።
«ይኸማ ኃጢአት ነው» አለች ጥሩየ፣
«ሰው እንዲህ አይታይም!»

ሰዓቱ ደረሰ። የአማርኛው መጣ።
ጉም መጣ።
ያ የጥንቱ ጉም፣ በገብስ ቆሎ የተሠራ ፊት፣
አንገት ከአንገትጌ የማይለይበት።
አክስቴ ቀኙን ጨፈነች። ግራውን ጨፈነች።
«ሞራው ተመለሰ» አለች ቀስ ብላ።

ሪሞቱን ተቀብዬ ወደ ኳሱ ዞርኩ፦ ሣሩ ይቆጠራል።
ተመለስኩ፦ ጉም።
«ዓይንሽ ጤና ነው። ጣቢያው ነው የታመመው።»
ዝም አለች። ብዙ ዝም አለች።
«እንግዲህ ያን ሁሉ ዓመት በዓይኔ ሳመካኝ…»
አልጨረሰችውም።

ለኩባንያው ደወልን። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ።
አስተርጓሚ እኔ። ሙዚቃ። ደግሞ ሙዚቃ።
ቫዲም የሚባል ልጅ አነሣ፦
ጥርት ያሉት፣ አለ፣ አሥራ ስድስት ናቸው፤
የቀሩት እንደ ድሮው ነው፣ ቦታ የላቸው።
ጥራት ብዙ ቦታ ይፈልጋል፤
የተመልካች ቁጥር ታይቶ፣ በተራ ይሰጣል።
«ምን ይላል?»
«ሰልፍ ላይ ናችሁ ይላል።»
«ንገረው» አለች፣ «ሰልፍ እናውቃለን።
ስንተኛ እንደሆንን ብቻ ይንገረን።»
ጠየቅኩት። ቫዲም ሙዚቃውን መለሰልን።

ይኸው ስልኩ ጠራ፤ ምስሉ ግን አልጠራ።
ጥሩየ የሱፍ ልጣጯን በመዳፏ ጠራርጋ
«ድሪ ነው» ብላ ወጣች።
«ንቅሳት ነው!» አለች አክስቴ ለተዘጋው በር፤
ከዚያ ወንበሯን ወደ ጉሙ አስጠግታ፣
በአዲሱ ዓይኗ
እያንዳንዷን ነጥብ ለየብቻዋ ታያት ጀመር።