ሩብ ዙር

አስቶሪያ ላይ ዝናብ አይዘንብም፤ ይኖራል እንጂ ተከራይቶ፣
ጥቅምት ላይ ይገባል፣ እስከ ግንቦት ይከርማል ጓዙን ፈትቶ።
ወንዙን ቁልቁል እያዩ ኮረብታው ላይ የቆሙት ቤቶች፣
ፊንላንዳዊ ዓሣ አጥማጆች ያነጿቸው፣ የመቶ ዓመት ባልቴቶች፣
ቀሚሳቸው ቀለም ተቀብቶ፣ እግራቸው ጭቃ ውስጥ ነው።
የኔ ሥራ እግራቸው ነው።

ወይዘሮ አይሊ ኮስኬላ ደውለው እንዲህ አሉኝ፦
«የመኝታ ቤቴ በር አልዘጋ ካለኝ ሰነበተ፤
ትናንት እንቁላል ጠረጴዛ ላይ ባስቀምጥ፣ ወደ ምሥራቅ ሮጦ ሞተ፤
ካልሲዬ ሳይቀር፣ ከመሳቢያ ሲወጣ እንደ እንጉዳይ ይሸተኛል፤
ዘጠኝ ዓመት ሆነው፣ ይሄ ቤት አኩርፎኛል።»

ከጓዳው ጀርባ፣ ለድመት እንጂ ለሰው ያልተባለች በር አለች።
በእሷ ገባሁ፤ የግንባር ባትሪዬ እየበራች፣
በደረቴ እየተሳብኩ፣ በክርኔ ጭቃ እየቀዘፍኩ፤
ወለሉ ከአፍንጫዬ ስንዝር፣ ቀና ብል ግንባሬን በምስማር ፋቅኩ።
የመስታወት ሱፉ ውሃ ጠጥቶ፣ እንደ በግ አንጀት ተንጠልጥሏል፤
ወራጁን በካቻቢቴ ብወጋው፣ እንደ ትኩስ ዳቦ ተቀብሎኛል።

ሰው ሁሉ ወንዙን ይከስሳል፤ ወንዙ ግን ከደሙ ንጹሕ ነው፤
ሌባው የጣሪያው አሸንዳ ነው፣ ክርኑ የተሰበረው፣
ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ እያለ መሠረቱ ሥር የሚሸናው።
ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ያለው ሰው
ቤት ሥር ተኝቶ ያየ ነው።

ከዚያ፣ ከምሥራቁ ጥግ፣ ባትሪዬ አንድ ብረት ላይ አረፈ፤
ክሪክ። የጭነት መኪና፣ የድሮ፣ ዝገት ያረገፈ፤
ሁለት ብሎኬት ላይ ቆሞ፣ ወራጁን በጫንቃው ይዞ፣
እንደ ዘበኛ፣ ተረኛው ሳይመጣለት፣ በቁሙ ደንዝዞ።

ከጎኑ፣ እንጨቱ ላይ፣ በአናጢ እርሳስ፦

ሰባ አራት፣ መስከረም። ሩብ ዙር።
ሰባ አምስት። ሩብ ዙር።
ሰባ ስድስት። ግማሽ፤ ዝናቡ ጨክኗል።
ሰማንያ ሦስት። ሩብ። ወይ ጀርባዬ።
ዘጠና አንድ። ሩብ። አይሊ ታማለች፤ ድምፅ እንዳላሰማ።
ሁለት ሺህ አሥር። የሩብ ግማሽ።

ከዚያ በኋላ እንጨቱ ባዶ ነው።

ጭቃ ለብሼ ወጣሁ። ፎቶውን በስልኬ አሳየኋቸው፤
መነጽራቸውን ወለወሉ፣ ደግመው ወለወሉ፣ ራቀ እጃቸው።
«ቶይቮ? ቶይቮ እዚያ ሥር ገብቶ አያውቅም።
በየመስከረሙ ዓሣ ላጥምድ ብሎ ይወጣል፤
ባዶ እጁን፣ እንዳንተ ጭቃ ሆኖ ይመለሳል።
ዓሣ የማይቀናው ዓሣ አጥማጅ አገባሁ እያልኩ
በሠርግ፣ በልደት፣ በሰው ፊት ስንቴ አሳቅኩበት።»

ሌላ አልተናገሩም። ተነሥተው ሄደው
ያንን አልዘጋ ያለ በር በመዳፋቸው ዳሰሱት።

አራት ቀን ፈጀብን፣ እኔና ደልበርት። አሸንዳውን ጠገንን፤
ቦይ ቆፍረን ጠጠር ሞላን፣ የበሰበሰውን ቆርጠን ጣልን፤
ነጭ ወፍራም ፕላስቲክ ከግንብ እስከ ግንብ ዘረጋን፣
ስፌቱን በፕላስተር አሸግን።
የብረት ምሰሶ በኮንክሪት ተከልን፤ ፓምፕ አስቀመጥን።
ሲያልቅ፣ «ክሪኩን ላውጣው?» አልኳቸው።
«ይቁም።»
«ከእንግዲህ ምንም አይሸከምም እኮ።»
«እኔስ ምን እሸከማለሁ? ለዚያ ብለህ ታወጣኛለህ?»

በሩ ተዘጋ። ከፈቱት። ደግሞ ተዘጋ።
ሂሳቡን ሳቀርብ ግን ቅንድባቸው ወጣ፦
«ቶይቮ ርካሽ ነበር» አሉ፣ ቼኩን በቀስታ እየጻፉ፤
ሁለት ጊዜ ዜሮ አሳስተው፣ ሁለት ጊዜ እያጠፉ።

ደጃፉ ላይ ቆሜ፣ የሚባለውን አልኩ፦
«ሌሊት ዝናብ ሲጠና ፓምፑ ይነሣል፤
ከእግርዎ ሥር ያጉረመርማል፣ አይደንግጡ።»

«ያጉረምርም» አሉኝ።
«ያኛው ድምፅ አያሰማም ነበር።»