ዙረት

ሠላሳ አራት ዓመት ምድጃዋን የጠገንኩ እኔ ነኝ፣
ሽቦው ሲበጠስ፣ ሙቀቱ ሲከዳት፣ በሌሊት የምትጠራኝ።
ስለ ጥበብ ብዙ አላውቅም፤ ፊውዝ ነው የማውቀው፣
ግን ትርንጎ የሠራችውን ከነትኩሳቱ የማወጣው
እኔ ነኝ። ስለዚህ ልናገር።

መጀመሪያ አንበሳ ነበር። ሌላ አንበሳ። ደግሞ አንበሳ።
ዬሩሃም ያለው የማኅበሩ ሱቅ፣ ቱሪስት መጥቶ የሚያነሳ
ትንሽ ነገር ነው የሚገዛ፤ ጥቁር፣ ኪስ የሚገባ።
«ጅራቱን ከጎኑ ለጥፊው፣ ፖስታ ቤት ይሰበራል» ይሏታል።
እሷ አንበሳ አይታ አታውቅም። የጎረቤት ድመት እያየች
ጎፈር ጨምራ ሠራች።
ለዚያ ነው የዚያ ዘመን አንበሶቿ ሁሉ
ወተት የሚጠብቁ የሚመስሉ።

ከዚያ ማክሰኞ ማክሰኞ በአውቶቡስ ቤር ሼባ፣
ግራሲዬላ የምትባል አርጀንቲናዊት ጋ መዘውር ልትማር ስትገባ
እግሯ ግራ ገባው።
በእናቷ አገር ማድጋው ቁጭ ይላል፤ ሴቲቱ ትዞራለች፣
ጎንበስ ብላ፣ ወደ ኋላ እየረገጠች፣
መሬቱ ላይ የእግሯ ክብ እስኪቀር።
እዚህ ሴቲቱ ትቀመጣለች፤ ሸክላው ነው የሚዞር።
«ታዲያ እኔ ምን ልሥራ?» አለች።
«ዝም ብለሽ ያዥው» አለቻት።
ዝም ብላ ያዘችው።
አሥራ ስምንት ዓመት ያዘችው።

ሳህኑ ሳሳ። አንገቱ ረዘመ። ቅቡ ሰማያዊ ሆነ፤
የድሮው ጥቁር ጭስ ከእጇ ላይ እንደ ጉም በነነ።
ሃይፋ ገዙት፣ ያፎ ገዙት፣ ሙሽሮች በስጦታ አገኙት።
ከታች ስም ጻፈችበት፣ ቢሮ የሰጣትን፣ «ኢላና»።
ኢላና ዛፍ ማለት ነው፤ ትርንጎ ግን ፍሬ ነው፤
ጸሐፊው ምን ያድርግ፣ የዚያን ቀን ሰልፉ ረጅም ነው።
ምድጃውን ስከፍት ዕቃው ያብረቀርቃል።
ቆንጆ ነበር፣ አልዋሽም። የማን እንደሆነ ግን ይጠፋኛል።

ልጅ ሳለች፣ ገበያተኛው ማሰሮዋን አንኳኩቶ፣
ድምፁን አዳምጦ፣ በዋጋው ተሟግቶ፣
ሳንቲሙን ወርውሮ ፊቱን ያዞር ነበር፤ ዓይኗን ፈርቶ።
ሸክላ ሠሪ ሰው ትበላለች ተብሎ።
ዕቃው ይነካል፤ የሠራችው አትታይም።
አሁን በጋለሪው ነጭ ግድግዳ፣ በመብራቱ ሥር፣
ሰው እሷን ሊያይ ይጋፋል፤ ዕቃው ፊት ግን
«አትንኩ» የሚል ወረቀት።
ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ከተተች።
«አንኳኩት» አለች።

ከዚያ ጣቷ አበጠ። ሐኪሙ «መገጣጠሚያ ነው» አለ።
መዘውሩ ፈጠነባት፤ ሸክላው ከእጇ እየሾለከ ጉልበቱ አየለ።
አንድ ጠዋት ደወለች። መፍቻዬን ይዤ ብመጣ
ሶኬቱ ተነቅሏል። «ደኅና ነው» አለች፤ «ከቤት ይውጣ።»

ከከተማው ወዲያ ያለውን ትልቁን ገደል
ሙቀጫ ይሉታል በቋንቋቸው።
ዘነዘናው የት እንደሄደ እንጃ፤ ውቅጡ ግን አለ፣
ቀይ፣ ቢጫ፣ ወይን ጠጅ፤
በጥር ጎርፍ ወደ ታች ሲያወርደው፣
ደለሉን በባልዲ ታመጣለች።

አሁን የምትሠራው ወገብ ይደርሳል። ቅብ የለውም።
ዳግመኛ ትዞራለች፤ እንደ እናቷ ግን አይደለም፤
ያ ስስነት፣ ያ ረጅም አንገት አብሯት አለ፤
የጣቷ መንቀጥቀጥ ከአፉ እስከ ሆዱ ማዕበል ሆኖ ተሳለ።
ልታለሰልሰው ትችላለች።
ትተወዋለች።
ከሥሩም ስም አትጽፍም፤ ረሳሁት ትላለች፤ አላምናትም።

«ወደ ሥሯ ተመለሰች» ብሎ አንድ ወጣት ጽፎ ነበር።
ሲነበብላት ሳቀች፤ «ሥር የት ሄዶ ይመለሳል? የሚሄድስ እግር።»
«ስልትሽ ለምን ተለወጠ?» ሲላት ጣቷን አሳየችው፤
እሱ ቀለበቷን አየው።

ትናንት ማታ ምድጃውን ዘጋን። ዛሬ ንጋት ላይ
በሩን ብዳስሰው ለብ ብሏል፤ «ልክፈተው ወይ?»
ስላት፣ ከውስጥ ጠቅ ይላል፤ ቆይቶ ደግሞ ጠቅ፤
ምናልባት መብረድ ነው፣ ምናልባት ስንጥቅ።
በርጩማዋን ሳበች፤ ጆሮዋን አስጠጋች።
«ተው ይርጋ» አለች፤
«ገና እያወራ ነው።»