መሃሉ ሳይደርቅ

ሂርማታ ገበያ፣ ከሰዓት ሠሪው ጎን፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር፣
ሙዘይን አባ ዲጋ ሸክላ ያጥባል፤
ዝናቡም ጅማን ያጥባል፣ ከአወይቱ እስከ ጅሬን ዳር።

የአባቴን ሸክላ ሰጠሁት። ጠርዝ ጠርዙን በመዳፉ ይዞ፣
የሠላሳ ዓመት አቧራ፣ የሻማ ጠብታ፣ የአይጥ ጥርስ አርግዞ
መምጣቱን አየና ዝም አለ።

ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት ሳሙና፣
የሕፃን ፀጉር ብሩሽ፣ ዙሩን ተከትሎ በጥሞና።
ጥቁሩ ወዲያው አበራ።
«አለቀ?» አልኩት።
«ይሄማ ቀላሉ ነው፤ ጥቁሩ ውሃ አይፈራ።
መሃሉን ፍራ። ይቺን ቀይ ክብ ወረቀት።
ስሙ ያለው እዚህ ነው፤ ስም ደግሞ አይወድም እርጥበት።»

በነጠላ ቁራጭ ነካ፣ ነካ አደረጋት እንጂ አላሻትም፤
ትኩሳት የያዘው ልጅ ግንባር ይመስል፣ አልተጫናትም።
«ፀሐይ ላይ ብናሰጣውስ?» «እንደ ቂጣ ይጎብጣል።»
«ከሰል አጠገብስ?» ሳቀ። «ከነዘፋኙ ይቀልጣል!»

ከዚያ ከመደርደሪያው ግርጌ አንድ ሌላ ሸክላ አወጣ፤
መሃሉ የተላጠ፣
እንደ ድሮ ሳንቲም ፊቱ የተፋቀ፣ የገረጣ።

«ልጅ ሳለሁ ነው። ቸኩዬ እርጥቡን ከማኅደሩ ከተትኩት።
ክረምት ነበር። ሻገተ። ተጣበቀ። መስከረም ላይ ሳብኩት።
ድምፁ እጄ ላይ ቀረ። ስሙ ማኅደሩ ውስጥ በግልባጩ ተለጠፈ፤
እናቴ ቆሻሻ መስሏት እሳት አያያዘችበት፤ አለፈ።»

አጫወተው። ሴት ናት። ድምጿ ከጫፉ ትንሽ የተሰነጠቀ፤
ሁለት ስንኝ በኦሮምኛ፣ አንድ በአማርኛ፣
ከዚያ አንድ ሰው ከኋላዋ ሳቀ።

«ማን ናት?»
«አንዱ የአጋሮ ናት ይላል፣ አንዱ የሊሙ ልጅ።
አንድ ሽማግሌ ቆሞ ሰማ፣ ጃንጥላውን ረስቶ ሄደ እንጂ
ስሟን አልነገረኝም።»

የእኔው ሸክላ በሁለት ምስማር መሃል በጠርዙ ቆሟል።
ሙዘይን ጎንበስ ይልና ወረቀቷን በጉንጩ ይነካል።
«ጣት ይዋሻል» ይላል፤ «ጉንጭ ግን አይሸነገልም።
ከቀዘቀዘህ፣ ውስጧ ውሃ አለ። ገና ናት፤ አልደረቀችም።»

ማክሰኞ ሄድኩ። «ነገ ና» አለ።
ረቡዕ ሄድኩ። «ነገ።» የጅማ ሐምሌ!
ጨው እንኳ ረጥቦ ከጠርሙሱ አልወርድ አለ።

ሐሙስም ዘነበ። ባዶ እጄን፣ በጭቃው ስመለስ፣
ከቀይዋ ወረቀት ያነበብኩትን ስም
ጮክ ብዬ ጠራሁት።
የሚሰማ አልነበረም።
ደግሜ ጠራሁት።