ቀኝ እግሬ

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ሐዋሳ ሲተኛ፣
አውራ ጣቴ ነቃ፣ ሆነብኝ ቀበኛ።
ያችን ስስ አንሶላ መሸከም አቃተው
ፍሬን የሚረግጠው ቀኝ እግሬ፣ ምን ነካው?

ጎረቤቴ ዱካሞ «ሪህ ነው» አለና ሳቀ፣
«የሀብታም በሽታ ቤትህን አወቀ!»
ሀብቱ ወዴት አለ? ዱለቱም በዱቤ፣
ድራፍቱም በዱቤ፤ ዕዳውን ሰብስቤ
ጣቴ ላይ ቋጠርኩት።

በማግስቱ ላብራቶሪ፣
«ዩሪክ አሲድ ዘጠኝ» አለች ነጭ ለባሿ፤
«ኩላሊትህ ደክሞት ሳያጥበው የቀረ
መገጣጠሚያህ ውስጥ እንደ ጨው ጠጠረ።
ውሃ ጠጣ።»
ውሃ! ስንት ዓመት ሙሉ ሐይቅ ዳር ስከንፍ
አንድ ጆግ አልጨረስኩ።

ዛሬ ሻል ብሎኛል። ዱለት ቤቱ ደጃፍ
ሳላዘው ቀኝ እግሬ ፍሬኑን ረገጠ፤
«ወራጅ አለ እንዴ?» አሉኝ ተሳፋሪዋ።