ሁለት ምስክር

ፔዳ ግቢ፣ ምድር ቤት፣ ሌሊት ስድስት ሰዓት፤
መብራት ሄዶ መጣ፤ ሌዘሯ እስክትረጋ ጠበቅናት።
ጠረጴዛው ጥቁር ድንጋይ፣ ከአሸዋ ሣጥን ላይ የተኛ፣
ከሥሩ አራት የኢሱዙ ጎማ፣ የተነፋ እንደ ጉረኛ።
ባጃጅ ሲያልፍ እንዳይነግረው፣ በር ሲዘጋ እንዳይሰማ፣
እንዲህ አድርገን ለየነው፣ ከዚህ ሁሉ ከተማ።

አንለይ የቤተ ሙከራው ጠባቂ ነው፤ ድሮ ዓሣ አጥማጅ፣
መረብ ሲቋጥር የኖረ፣ አሁን ሽቦ የሚቋጥር እጅ።
በመጀመሪያው ሳምንት «ይኼ ነገር ምን ያደርጋል?» ሲለኝ
ከሐይቁ ሌላ ምሳሌ አልመጣልኝ።

«ከአንድ ቋጥኝ ሁለት ታንኳ ስደድ፤
አንዱ ወደ ሰሜን፣ አንዱ ወደ ምሥራቅ ይንጎድ።
መንገዳቸው እኩል፣ ቀዘፋቸው እኩል ይሁን።
ዞረው ከቋጥኙ ሥር ሲገናኙ
የአንዱ ማዕበል ጉብታ ከሌላው ጎድጓዳ ይገባል፤
ይዋዋጣሉ፤ ውሃው ይረጋል።
ብርሃንም እንደዚሁ ነው፤ ይህ መስታወት ለሁለት ከፈለው፤
እኩል ተመልሶ ሲገጥም፣ ራሱን በራሱ አጨለመው።
ጨለማ ካየን ደኅና ነን።
አንዱ ክንድ በጸጉር ስንጣቂ ከረዘመ ግን
ከጨለማው ውስጥ ብርሃን ይሾልካል፤
የሾለከችው ብርሃን ወሬ ናት።»

«የማን ወሬ?»

«የሁለት ጥቁር ጉድጓድ። ብርሃን እንኳ አያመልጣቸው።
ሲዟዟሩ፣ ሲቃረቡ፣ አንዱ አንዱን ሲውጠው
ጠፈር ራሱ ይናወጣል።
ሞገዱ ሺህ ሚሊዮን ዓመት ተጉዞ እዚህ ሲደርስ
አንዱን ክንድ ይስባል፣ ሌላውን ያሳጥራል፤
ምን ያህል ብትለኝ፣ ከአቶም እምብርት በሺህ እጅ በሚያንስ።»

ሳቀ። «እነዚያ እኮ አራት ኪሎ ሜትር ቧንቧ ዘርግተው፣
አየሩን መጥጠው፣ መስታወት በክር አንጠልጥለው፤
የኛ ክንድ አንድ ሜትር ተኩል ነው!»

እውነቱን ነው። ይኼ ለማስተማሪያ ነው፤ ሰማይ አይሰማም።
እስከ ዛሬ የሰማነው ጣናን ነው፣ ከተማውን ነው፤ ሌላ የለም።

መዝገባችን ይናገር፣ ጀርባው የተቀደደው፦
ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ባጃጅ፣ ጉድጓድ የዘለለ።
አራት ሰዓት፣ አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ፣ ከዓባይ ድልድይ ማዶ።
አምስት ከሩብ፣ ከበሮ፣ ከጊዮርጊስ፤ ነገ በዓል ነው መሰል።
አምስት ተኩል፣ «ጉማሬ» ይላል በአንለይ ጽሑፍ፣
«ደንገል ውስጥ፣ ገላውን የሚያክ።»
እኔ ግራፉን ሳላነብ እሱ ስሙን ይጠራል።
«እንዴት አወቅህ?»
«ታንኳ ላይ ተኝተሽ አታውቂም? ደንገሉ ለጀርባ ይነግራል።»

ሰባት ከሃያ ሲሆን አንዲት ቀይ ነጥብ ብልጭ አለች፤
ፈጠን፣ ፈጠን፣ እንደ ወፍ ጭርታ ወደ ላይ ቀጥና ጠፋች።
የዓይን ጥቅሻ ብታህል ነው። እጄ መዝገቡን ሳተ።
አንለይ ጆሮውን ከድንጋዩ አስጠጋ፤ ቆየ።
«ይኼን አላውቀውም» አለ።

ጎርጎራ፣ ከሐይቁ ማዶ ጫፍ፣ እኅት ጠረጴዛ አለችን፤
ትዛዙ ይጠብቃታል። ደወልኩ። ከእንቅልፉ ቀሰቀስነው።
«እናንተ ጋስ፣ ሰባት ከሃያ ላይ?»
ወርዶ እስኪያይ የእግሩን ኮቴ ሰማሁ፣ የቁልፉን ቅጭልታ።
«ጨለማ ነው። ደኅና ነን።»

አንለይ እስክሪብቶ ወሰደ። «ባንድ ምስክር ሰው አይሰቀልም፤
ባንድ ምስክር ሰማይም አይነቀነቅም»
እያለ ጻፈ፦ ያልታወቀ። የኛው ጉድ።

ሊነጋጋ ሲል በዳርቻው ወጣን።
ምናልባት እውነተኛው ሞገድ ዛሬም አልፎ ይሆናል፤
ደቅን ትንሽ ስቦ፣ ዘጌን ትንሽ ጨምቆ፣
በኔ ጎድን፣ በአንለይ ጎድን፣ ሳያንኳኳ ዘልቆ፣
አንዲት ወፍ እንኳ ሳያስበረግግ።

አንለይ ጎንበስ አለ፤ መዳፉን ውሃው ላይ አሳረፈ።
«ከደብረ ማርያም ወዲያ ጀልባ ተነሥታለች» አለኝ፤ «ባለ ሞተር።»
ውሃው ዝም ነው።
መዳፌን ከመዳፉ ጎን አደረግሁ።
ቆየሁ።
ቆየሁ።
ከዚያ ለእኔም ደረሰኝ።